«ምንም የለም» የምንላት ከተማ

ከቤት ሲደወልልን የምንጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። «እዚያ አገር ምን አዲስ ነገር አለ?» ይሉናል። የእኛም መልስ አንድ ነው። «ኧረ ምንም የለም፤ ብርዱ ብቻ!» ከአዲስ አበባ የመጣነውም፣ ከጎጃም የመጣነውም፣ ከወሎና ከሐረር የመጣነውም በዚህች መልስ ላይ ሙሉ ስምምነት አለን። በኳስ ቡድን የማንስማማ፣ በሙዚቃ የማንስማማ፣ የዶርም መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚለው እንኳ ስንከራከር የምናመሽ ሰዎች፣ «ደብረ ብርሃን ውስጥ ምንም የለም» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን አንድ አፍ አንድ ልብ እንሆናለን።

መቼም ተማሪ ነንና አንድን ቃል ሳንመረምር ማሳለፍ አይገባንም። ስለዚህ ይህን «ምንም» የሚባለውን ነገር እስቲ ዛሬ ገለጥ አድርገን እንየው። ውስጡ ባዶ ሆኖ ከተገኘ መልሰን እንከድነዋለን፤ የሚጎዳ ሰው የለም። አንዳች ነገር ከተገኘበት ግን፣ ነገሩ የማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንን እንናገር። ሦስት ነን፤ ሁለታችን ታሪክ፣ አንዳችን አማርኛና ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን። ከግቢ ወጥተን ጠባሴ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሷ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። በጀርባችን ተኝተን ወደ ላይ ስናይ «ዩሪያ፣ 50 ኪሎ» የሚል ጽሑፍ እናነባለን፤ ከመጻሕፍት ሁሉ ደጋግመን ያነበብነው እርሱን ነው። አከራያችንን «እማማ» እንላቸዋለን። እሳቸው ደግሞ ሦስታችንንም በጅምላ «ልጆቹ» ይሉናል። «ልጆቹ ገቡ? ልጆቹ በሉ? የልጆቹ መብራት ለምን አልጠፋም?» ይህ ሁሉ በግድግዳው በኩል ይሰማናል፤ ጭቃ ግድግዳ ምስጢር አያውቅም።

ስሙን አስቀድመን አንሥተነዋልና ከብርዱ እንጀምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የማታንስ ከተማ ናት። በክረምት ደመናው መሬቱን ስለሚሸፍነው ሌሊቱ ይቻላል። ጭንቁ ያለው ከጥቅምት ወዲያ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ቀን መሬት የጠጣችው ሙቀት ሌሊት የሚያግደው አጥቶ ወደ ላይ ያመልጣል፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ውርጭ ማለት ይኸው ነው። ለእኛ ውርጭ የሁለት ሰዓቱን ክፍል ማርፈጃ ሰበብ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ላለው ገበሬ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያበበ ባቄላ ውርጭ ከመታው በማግስቱ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ይወድቃል። እኛ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርበን ስንሳሳቅ፣ የገበያው የባቄላ ዋጋ የሚወሰነው በዚያች ሌሊት ነው። የባቄላ ነገር የማይመለከተው፣ ሽሮም ሆነ ፉል በልቶ የማያውቅ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ!

ታዲያ በዚህ ብርድ ጠዋት ተነሥተን ሻይ እንጠጣለን። ሻይዋ ከየት መጣች? ከስኳሩና ከቅጠሉ በፊት ከእሳት መጣች። እሳቱስ? ከኩበት። ጭሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሹራባችን ላይ ተጣብቆ እስከ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ይከተለናል። ኩበቱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ግን ከተማ ያደግነው ሁለታችን አናውቅም ነበርና እማማን ጠየቅናቸው። «ተማሪ ደግሞ ኩበት ምን ያደርግለታል?» ብለው ሳቁብን። በኋላ ግን እንደ መምህር እያሳዩ አስረዱን። እበቱ ይሰበሰባል፤ ጭድ ይደባለቅበታል፤ በእጅ ይለወሳል፤ እንደ ዳቦ እየተጠፈጠፈ መስክ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ይደርቃል። አንድ ፊቱ ሲደርቅ ይገለበጣል። ደርቆ ሲያበቃ ይከመራል፤ የክረምት ዝናብ እንዳይገባውም ክምሩ ራሱ ከውጭ በእበት ይመረጋል። ይህ ሥራ በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ነው። የሚጀመረውም በበጋ ማለዳ፣ እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን የስልካችንን ደወል በምናጠፋበት ሰዓት ነው። «እማማ፣ እጅ አይሰነጥቅም?» አልናቸው። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩን። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅንም።

የኩበት ነገር ግን በምድጃው አያበቃም። የደጋ ገበሬ ማገዶ ሲያጣ እበቱን ያነዳል። እበቱ ከነደደ ወደ ማሳው አይመለስምና ማሳው ይከሳል። ማሳው ሲከሳ ገበሬው የፋብሪካ ማዳበሪያ በስንት ብር ይገዛል። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ወደ ከተማ ይመጣና ይሸጣል። እነሆ የእኛ ኮርኒስ ሆነ! ሻያችን የፈላበት እሳትና ራሳችን ላይ የተንጣለለው «ዩሪያ፣ 50 ኪሎ» ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። የኢኮኖሚክስ ጓደኞቻችን ይህንኑ በሰሌዳ ላይ በቀስት ሊያስረዱን ይችሉ ይሆናል፤ እኛ ግን ተኝተን ነው ያነበብነው።

እሳት ካነሣን ብርሃን አይቀርም። የከተማዋን ስም ያወጡላት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ መሆናቸውን የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ንጉሡ በዚህ ቦታ ሳሉ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ እሳቸውም እንደ ፈጣሪ ምልክት ተቀበሉት፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም ተከሉ፤ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። ያ ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ይህ ኮከብ በ76 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ብቅ የሚል እንግዳ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነበር፤ የሚመለሰው በ2061 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ዕድሜ ከሰጠን ጡረታ ደጃፍ ላይ ቆመን እናየዋለን።

ይህንን በክፍል ተምረናል፤ ለፈተናም ጽፈናል። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ይህንኑ ማስታወሻ በሻማ ስናነብ ግን ከመካከላችን አንዱ ቀና አለና እንዲህ አለ። «ንጉሡ እዚህ የተቀመጡት ከ10 ዓመት በላይ ነው አይደል? ካህናቱ፣ ወታደሩ፣ ባለሟሉ፣ ስንት ሰው ይሆናል! ይህ ሁሉ ሰው ምን አንድዶ ሞቀ? ባሕር ዛፍ እንደሆነ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው።» ዝም አልን። በደብተራችን ስለ ኮከቡ ስንት መስመር አለ። ለዚያ ሁሉ ሰው እንጀራ ስለጋገረችው፣ ውሃ ስለቀዳችው፣ ማገዶ ስለለቀመችው ሴት ግን አንድ መስመር የለንም። የሰማዩን ብርሃን ጽፈናል፤ የምድጃውን ግን የጻፍንበት ቦታ የለም። የምድጃው ባይኖር ኖሮ እኮ የሰማዩን ቆሞ የሚያይ ሰው ባልተገኘ ነበር፤ ሁሉም በብርድ ያልቅ ነበራ!

ያን ማታ መብራቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። የሰፈሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው «መጣ!» ብለው ባንድ ድምፅ ጮኹ። በደብረ ብርሃን ብርሃን የሚታይበት ቀን ዛሬም በእልልታ ነው ማለት ነው።

ወደ ውሃው እንለፍ። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ከቦኖው ፊት የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው፤ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ሁሉም ጀሪካን ቢጫ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ከመቶው መካከል ይለየዋል። አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል ተወትፏል፤ አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፤ የእኛው ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «ታሪክ» ተብሎ ተጽፎበታል። የጀሪካን ተራ የዘለለ ሰው የሚደርስበትን አያድርስ ነው! ጠበኛ ዘበኛ የለም፤ መዝገብ የለም፤ ቲኬት የለም፤ ሥርዓቱ ግን ከብዙ መሥሪያ ቤት ይሻላል።

ዜናም የሚሰማው እዚያው ነው። የማን ዕቁብ እንደወጣ፣ የማን ልጅ ዐረብ አገር ደርሳ እንደደወለች፣ የማን ፈረስ ጋሪውን ይዞ እንደበረገገ፣ የእድር መዋጮ በስንት እንደጨመረ፣ ማን እንደታመመና ማን ጠበል እንደሄደ፣ ሁሉም ከጀሪካኑ ጋር ይሞላል። ወረፋ ስንጠብቅ ከእኛ ጎረቤት ክፍል ከሚኖሩት ልጆች ጋር የተዋወቅነውም እዚያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ወደዚህች ከተማ ብዙ ወጣት አምጥቷል፤ እነሱም አራት ሆነው እንደኛው ባለች ክፍል ይኖራሉ። ልብስ ይሰፋሉ። ዕድሜያቸው ከእኛ እኩል ነው፤ ወይም ትንሽ ቢያንስ ነው። እኛ ከቤተ መጻሕፍት ስንመለስ እነሱ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የሥራ መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ፈረቃ ይወጣሉ። ከመካከላቸው አንዷ፣ «እናንተ ግን ታሪክ ስትሉ ምንድን ነው የምትማሩት?» አለችን። «ስለ ድሮ ሰዎች፤ እንዴት እንደኖሩ» አልናት። ትንሽ አሰበችና፣ «ድሮስ ውሃ በፈረቃ ነበር?» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን፤ ጥያቄዋ ግን ከማታው የሻማ ጥያቄ ጋር አንድ ነበር።

አሁን ወደ ሱቁ። ከበራችን ሃያ ርምጃ የማትሞላ፣ ከሣጥን ጥቂት የምትበልጥ ሱቅ አለች። ባለ ሱቁን «ጋሼ» እንላቸዋለን። ሳሙና፣ ሻማ፣ በቁጥር የሚሸጥ እንቁላል፣ በብርጭቆ የሚለካ ዘይት፣ ደረቅ ዳቦ፤ ሀብቷ ይኸው ነው። ከዕቃዎቿ ሁሉ የከበደው ግን ከሚዛኑ ጀርባ የምትቀመጠው የዱቤ ደብተር ናት። ባለ 50 ሉክ ናት፤ ጥግ ጥጓ በዘይት ወዝቷል። በደብተሯ ውስጥ ማንም በክርስትና ስሙ አይጠራም። «ረጅሙ»፣ «ባለ መነጽሩ»፣ «የምሥራቅ ጎጃሙ»፣ «ነርሷ»፣ «ባለ ጊታሩ» እየተባለ ተጽፏል። እኛ «የእማማ ልጆች» ነን። ከቤት ብር ሲላክ እንከፍላለን፤ ጋሼም መስመር ያሰምሩበታል። ገንዘቡ የዘገየ ወር ደግሞ ደብተሯ ባትኖር ኖሮ የት እንደርስ እንደነበር ማሰብ አያስፈልግም፤ ከእናንተም ውስጥ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ባለፈው አንድ ቀን ጋሼ ወደ ኋላ ገጾች ሲገልጡ አየን። መስመር ያልተሰመረባቸው ገጾች ነበሩ። «እነዚህስ ጋሼ?» አልናቸው።

«የተመረቁ ናቸው።»

«ሳይከፍሉ?»

«ረስተው ነው እንጂ! ጋወን ሲለበስ፣ ቤተሰብ ሲመጣ፣ ፎቶ ሲነሣ፣ ሰው ምን ያስታውሳል? ሥራ ሲይዙ ይልካሉ።»

ገጹን አየነው። ስድስት እንቁላል፣ ሁለት ሻማ፣ ሩብ ሊትር ዘይት፣ አንድ ሳሙና። ስድስት እንቁላል፣ ሁለት ሻማ። የፈተና ሰሞን መሆኑ ያስታውቃል። ለአንድ ሥራ ለያዘ ሰው የአንድ ምሳ ዋጋ ነው፤ ለዚያች ሱቅ ግን አንድ ትሪ እንቁላል ነው። ጋሼ ገጹን አልቀደዱትም፤ ደብተሩ ሲያልቅም ስሞቹን ወደ አዲሱ ደብተር ይገለብጧቸዋል። እኛ ብናልቅ የሚገለብጠን ሰው መኖሩን አናውቅም ነበር።

ደግሞ ባለ ጊታሩን እንንገራችሁ። ከተመረቀ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ማለዳ የጋሼ ስልክ ጮኸ፤ በቴሌብር ብር ገባ። ዕዳውና ትንሽ ትርፍ ነበር። ጋሼ በገጹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ረጅም መስመር አሰመሩ፤ መስመሩንም ሱቁ ለመጣ ሰው ሁሉ አሳዩ። «ባለ ጊታሩ እኮ ላከ!» ያን ሳምንት ቦኖው ላይ ከዚህ የበለጠ ዜና አልነበረም። በዚያው ሳምንት ከቤት ተደውሎልን «ምን አዲስ ነገር አለ?» ተባልን። ምን እንዳልን ታውቁታላችሁ።

የቀረን ብርድ ልብሱ ነው። አገሩ ሁሉ ደብረ ብርሃንን የሚያውቃት በዚሁ ነው። ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ» ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ሙሽራ ተሰጥቶታል፤ ወታደር ተሸክሞታል፤ ሕፃን ተጠቅልሎበታል። ከፋብሪካው በፊት ግን ባና ነበረ፤ ዛሬም ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። የመንዝ በግ ጠጉሩ ረጅምና ሻካራ ነው። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ባና ይከብዳል፤ ይኮሰኩሳል፤ ግን ውርጭ አያስገባም። አዲስ ሆኖ የተገዛ ባና ከገዛው ሰው ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል ይላሉ።

እማማም አንድ ባና ነበራቸው፤ ከእናታቸው የወረሱት። አሁን ግን የለም። ወዴት ሄደ ብለን ስንጠይቅ የነገሩንን እንጻፍ።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ ሲደርስ፣ ከወሎ በኩል የተፈናቀለው ሰው ወደዚህች ከተማ ይጎርፍ ነበር። ወሩ ኅዳር መሆኑን ልብ በሉ፤ ስለ ኅዳር ሌሊት ከላይ ጽፈናል። አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ በእማማ በር ላይ ቆመች። እማማ ዛሬ እኛ የምንኖርባትን ክፍል ከፈቱላት። ባናውንም አውርደው ሰጧት፤ ሦስቱም በአንድ ባና ተኙ። ከወራት በኋላ አገሩ ሲረጋጋ ሴትየዋ ወደ ቀዬዋ ልትመለስ ስትነሣ ባናውን አጥፋ፣ አራግፋ መለሰችላቸው። እማማም መልሰው ትከሻዋ ላይ ጣሉት።

«ለምን ሰጧት እማማ? የእናትዎ ነበር እኮ» አልናቸው።

«ታዲያ ልጅ ይዛ መንገድ ስትሄድ በባዶዋ ልስደዳት? መንገዱ ብርድ አይደለም?»

«ያኔ ምን ምን ሆነ? ከተማው እንዴት ነበር?» ብለን ማስታወሻ ደብተራችንን ከፈትን። የታሪክ ተማሪዎች ነንና፣ የዓይን ምስክር አገኘን ብለን ልባችን ዘለለ። እማማ ግን ምድጃው ላይ ኩበት ጨመር አደረጉና፣ «ኧረ ምንም! ሰው መጣ፤ ኋላ ሄደ» አሉን።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ሁለት ዓይነት «ምንም» አለ ማለት ነው። አንደኛው የእኛ «ምንም» ነው። ሲኒማው ጠባብ፣ መዝናኛው ጥቂት፣ ወሬው የጀሪካንና የእድር ሲሆን የምንለው ነው። ሁለተኛው የእማማ «ምንም» ነው። ያደረጉትን ነገር እንደ ሥራ ስለማይቆጥሩት፣ ክፍል መክፈትና ባና መስጠት ለእሳቸው በር እንደ መዝጋትና ምድጃ እንደ መጥረግ ያለ የየዕለት ነገር ስለሆነ የሚሉት ነው። ሁለቱ «ምንም»ዎች ተጋግዘው ግን አንድ ክፉ ነገር ያደርጋሉ። የሠራው ሰው «ምንም» ካለ፣ ያየውም ሰው «ምንም» ካለ፣ ነገሩ በእውነት ምንም ሆኖ ይቀራል። ከ500 ዓመት በኋላ የሚመጣ የታሪክ ተማሪ የ2014ን ጦርነት ቀንና ቦታ ያገኘዋል፤ ጄኔራሎቹንም ያገኛቸዋል። ያን ሁሉ ሰው ማን አሳደረው፣ ምን አለበሰው ብሎ ሲጠይቅ ግን እንደኛው በሻማ ብርሃን ዝም ይላል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ተራ ነገር ይጻፍ ትላላችሁ? ስለ ኩበትና ስለ ጀሪካን ማን ያነባል?» የሚለን ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ተራ ነገር ሁሉ ትልቅ ነው አንልም። ጀሪካን ጀሪካን ነው። ድህነትም ድህነት ነው፤ ኩበት የሚጠፈጥፍ እጅ ባይሰነጥቅ፣ ውሃ በየቀኑ ቢመጣ፣ መብራትም ባይጠፋ በወደድን ነበር፤ ለዚህም የተማረ ሰው ሁሉ መድከም አለበት። የምንለው ሌላ ነው። አንድ ሰው የማያውቀውን ኑሮ ሊያሻሽለው አይችልም። እኛ ደግሞ ሦስትና አራት ዓመት ውሃዋን ጠጥተን፣ በኩበቷ ሞቀን፣ በዱቤዋ በልተን፣ ከተማዋን «ብርድ ብቻ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለን ከወጣን፣ ነገ ቢሮ ስንገባ ስለ እንዲህ ዓይነት ከተማ የምንጽፈው ዕቅድ ምን ሊሆን ነው? ከእኛ መካከል ነገ አስተማሪ የሚሆን አለ፤ የወረዳ ሹም የሚሆን አለ፤ ጋዜጠኛ የሚሆን አለ። እማማ ግን እዚሁ ናቸው።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በዚህች መጽሔት በየእትሙ አንድ ገጽ ለከተማዋ ይሰጥ። ስለ ጨረቃ የሚጻፈው ግጥም እንዳለ ይቀመጥ፤ አንጣላውም። ግን አንድ ገጽ ብቻ፣ አንድ ተማሪ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቆ የሰማውን ይጻፍበት። ጋሪ ነጂውን ፈረሱ በቀን ምን ያህል እንደሚበላ፣ አረቄ የምታወጣዋን እናት ጌሾውና ብቅሉ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ባና ሸማኔውን ሥራውን የሚወርስ ልጅ እንዳለው፣ ከፈረቃ የምትመለሰዋን ልጅ በጨለማ በየት በኩል እንደምትመጣ። መልሱን እንደሰማን እንጻፈው፤ የእኛን ጌጥ አንጨምርበት።

ሁለተኛ፣ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ሆይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አንሂድ። በየሰፈሩ ቦኖ አጠገብ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች አሉ። እነሱ ሲያልፉ ቃላቸውም አብሮ ያልፋል፤ እንዝርቱና ባናው እንኳ ስማቸውን የማያውቅ ትውልድ እየመጣ ነው።

ሦስተኛው ለዘንድሮ ተመራቂዎች ብቻ ነው፤ አጭርም ነው። ጋወኑን ከመልበሳችሁ በፊት ወደየሰፈራችሁ ሱቅ ጎራ በሉና ደብተሩን አስገልጡ። ስማችሁን በክርስትና ስም አትፈልጉት፤ «ረጅሙ» ወይም «ባለ መነጽሩ» ተብሎ ይገኛል። ከፍላችሁ መስመሩ ሲሰመር ቆማችሁ እዩ። ጋሼ «ምንም አይደል፣ ኋላ ትልካላችሁ» ይሏችኋል። አትስሟቸው፤ ክፈሏቸው።